ልጆች ይዞ ከደሴ ቦረና ሳይንት ፓርክ እንዴት ይኬዳል?

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የግድ ሰሜን ተራሮች ድረስ መሄድ የለብንም። እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሁለቱም አሉ። ድሮ ደንቆሮ ጫካ ሲባል የነበረው ነው። ከደሴ መካነ ሰላም ከተማ ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፓርኩ ደግሞ ከከተማው ወጣ ይላል። ሲሰሙት ቅርብ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ "ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን ነን" ብዬ ቤተሰቡን ጭኜ ወጣሁና ገና መንገድ ላይ ያለችው ጉጉፍቱ ሳንደርስ ትንሿ ልጄ ሁለት ፌስታል ሞላች፣ ሦስት ቦታ ቆምን፣ ደርሰን ደግሞ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳንቆይ "መሽቷል" ተብለን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ልጆቹን እዚሁ ቅርብ ቦታ ሞክሯቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጦሳን ተራራ ውጡ። ትንሹ ልጅ ስንት ሰዓት ሄዶ "እዘሉኝ" እንዳለ ልብ በሉ፣ የፓርኩን እቅድ የምታወጡት በእሱ እግር ነው እንጂ በእናንተ አይደለም። በሌላ ሳምንት ሐይቅ ውረዱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪና የሚያማቸውን እዚያ ትለያላችሁ፣ ዓሣም ትበላላችሁ። (እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ ለሴት ልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በር ላይ ሲሰሙት ያኮርፋሉ፣ እውነታቸውን ነው።)

ቀጥሎ ወሩን ምረጡ። ክረምት አይታሰብም፣ ጭቃው አያስኬድም። በበልግም ዝናብ ሊይዛችሁ ይችላል። ለልጆች ጥቅምት ጥሩ ነው፣ ሣሩ ገና አልደረቀም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን የጠዋቱ ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያ በኩል የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። "ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ።

ሚኒባስ ኮንትራት የምትይዙ ከሆነ ሒሳቡን ለሦስት ቀን ተነጋገሩ፣ የሾፌሩን አዳርና ምግብ ማን እንደሚችል ጨምሮ። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለፓርኩ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ። መካነ ሰላም እደሩ። ትንሽ ይበዛል የምትሉ ካላችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ሞክሩትና እናወራለን።

ልብስ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ብርዱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የፓርኩ አናት ከ3,600 ይበልጣል። እኛ ብርድ ለምደናል፣ ኮምቦልቻዎች ግን ከ1,900 በታች ስለምትነሱ ብርዱም የአየሩ መሳሳትም ይሰማችኋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹን አታሯሩጡ፣ ራሱን የሚያመውና የሚያስመልሰው ካለ ወደ ታች አውርዱት። አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ከማልበስ ስስ ስሱን ደራርቡላቸው፣ ፀሐይ ስትወጣ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጋቢ ያዙ። ኮፍያም፣ ፀሐዩ ከብርዱ ጋር አብሮ ያቃጥላል። ሰንደል ጫማ እቤት ይቅር።

ስንቅ ቀላል ነው፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ውሃ፣ በፔርሙዝ ሻይ። ለሚያስመልሰው ሎሚ። ሶፍትና ፌስታል በብዛት።

ፓርኩ ላይ ጠባቂ ሳትይዙ አትግቡ፤ አውሬው የት እንደዋለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን አይጥ ስለሚያድን በማለዳ ገላጣው ሣር ላይ የመታየት ዕድሉ አለ፣ ግን ለልጆቹ ቃል አትግቡ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ልጅ ሰዓቱን ይረሳል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ እየሳቀ አይደለም፣ "ራቁ" እያለ ነው። ልጄ መልሳ ጥርሷን ልታሳየው ስትል ነው ጠባቂው "ተይ እናቴ" ብሎ የያዛት። ቆሎም ዳቦም አትስጧቸው። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ አታስኪዷቸው። ጅብራ (ያ ረጅሙ የደጋ ተክል) ሥር አረፍ ብላችሁ ሻያችሁን ጠጡ፣ ቆሻሻችሁን ሰብስቡ። ፌስታሉን ግን ሁሉንም ለቆሻሻ አትጨርሱት፣ ጉጉፍቱን በመመለሻም ታገኙታላችሁ።