ደም ብዛት የደም መብዛት አይደለም፦ ጎልማሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሽታው የተሰየመበት ስም ራሱ ለመጀመሪያው ስህተት በር ከፍቷል። «ደም ብዛት አለብህ» የተባለ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ትርፍ ደም የተጠራቀመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በዋግምት ደም የሚያስወጣ፣ ቀይ ሥርንም «ደም ይጨምራል» ብሎ ከገበታው የሚያርቅ አይጠፋም። የደም ግፊት ማለት ግን ደም በደም ሥር ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚጨምረው የደም ሥሮች ሲጠቡና ሲደድሩ፣ ኩላሊትም ጨውንና ውኃን በሚገባ ማስወገድ ሲያቅተው ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው ደም ማነስም ደም ብዛትም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። ቀይ ሥርና ጎመን ደግሞ በፖታሲየም የበለጸጉ በመሆናቸው፣ ኩላሊቱ ከተጎዳ ሰው በቀር፣ ለአብዛኛው ታማሚ እንዲያውም ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ስህተት «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደኅና ነው» ማለት ነው። ይህ በሽታ ልብን፣ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ዓይንን እየጎዳ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የሚታመነው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘው ቁጥር እንጂ የታማሚው ስሜት አይደለም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሳይታመምም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊለካ ይገባዋል።

አለካኩም የራሱ ጣጣ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን ማለዳ ለምርመራ የሚመጣ ሰው ሹራብ በጃኬት፣ በዚያም ላይ ጋቢ ደርቦ ስለሚመጣ፣ ክንዱን መግለጥ ለእርሱም ለለኪውም አድካሚ ይሆናል። በልብስ ላይ የተለካ ግፊት ግን አያስተማምንም፤ ብርዱ ራሱም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እኔም ገና ግፊቴን መለካት በጀመርሁበት ጊዜ ዳገት ወጥቼ እያለከለክሁ፣ እጅጌዬንም ሳልገልጥ ተለክቼ በወጣው ቁጥር ደንግጫለሁ። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት፣ ሽንት ሸንቶ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ ጀርባን አስደግፎ እግርን ሳያጣምሩ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍና በዚያ መካከል አለማውራት ያስፈልጋል።

የጨው ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ገበታ ላይ የሚነሰነሰውን ብቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በቤታችን ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም ከነቅመሙና ከነጨው ተፈጭቶ ይመጣል፤ ወጡ ሊወጣ ሲል «ጨው አነሰው» ተብሎ ይታከልበታል፤ ከዚያም አዋዜ ይቀርባል። በሶው በጨው ይበጠበጣል፤ በገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣም አለ። ታማሚው «እኔ እኮ ጨው አልነሰንስም» ሲል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጨውን የሚበላው ሳያየው ነው። መፍትሔው በዓመት አንድ ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ ያለ ጨው ማስፈጨት ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያዋ ወጡ ውስጥ የሚገባው ጨው ራሷ የጨመረችው ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮሰረት ይደግፉታል። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ የሚበላ በመሆኑ ለአባወራው ብቻ አልጫ ለይቶ መሥራት ከሁለት ሳምንት አይዘልቅም፤ ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይሻላል፤ ምላስም በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። የሚቀነሰው መጠኑ ነው እንጂ አዮዲን ያለውን ጨው ትቶ አዮዲን ወደሌለው መዞር እንቅርትን መጋበዝ ይሆናል።

ጾም ሲገባ የጠዋቱን ኪኒን መተው ሌላው ስህተት ነው። ብዙ ሰው በውኃ መዋጥን ጾም እንደ መግደፍ ይቆጥረዋል፤ ይሁን እንጂ ለታመመ ሰው ሥርዓቱን የሚያቀልሉለት የንስሐ አባቱ ስለሆኑ አስቀድሞ እርሳቸውን ማማከር ይቻላል። እንደ አምሎዲፒን ያለ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነም ሐኪሙ ወደ ማታ ሊያዛውረው ይችላል። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል።

«ግፊቴ ወርዷል፤ ድኛለሁ» ብሎ ማቆም ከሁሉ የከፋ ጥፋት ያስከትላል። ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ነውና ሲቆም ተመልሶ ይወጣል፤ አቴኖሎልን የመሰሉ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡማ የልብ ሕመም ሊያስነሡ ይችላሉ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የሚሄድ ሰው ለሱባዔው ቀናት የሚበቃውን ኪኒን ቆጥሮ ይያዝ፤ እምነቱ መድኃኒት እንዲያቋርጥ አያስገድደውም። ሌሎች ደግሞ የሚያቆሙት መድኃኒቱ ያመጣውን ነገር ባለማወቅ ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ሳሉ በብርዱ ይሳበብና አረቄ ይታዘዝለታል፤ አረቄም ግፊቱን ይብስ ያወጣዋል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሲያሳብጥ ደግሞ «ኩላሊቴን ጨረሰው» ይባላል። ሁለቱም ሐኪም መድኃኒት በመቀየር ወይም መጠን በማስተካከል የሚፈታቸው ናቸው። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሮጥ ይገባል። የጎረቤትን ኪኒን መዋስም አደጋ አለው፤ በተለይ ገና መውለድ የምትችል ሴት ኢናላፕሪል ብትወስድ ጽንሱን ሊጎዳው ይችላል።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሲያርስና ሲያጭድ የሚውለው የመንዝ ገበሬ ከመድኃኒቱ እንጂ ከእንቅስቃሴው አልጎደለም። ቢሮ ውሎ በባጃጅ የሚመለሰው የከተማ ጎልማሳ ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይኖርበታል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከደጋው ጣርማበርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ፣ ላቡ ተጨምሮበት ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድና ሲነሣ ሊያዞረው ስለሚችል፣ ውኃ ይጠጣ፤ ከመቀመጫውም ቀስ ብሎ ይነሣ።

የመጨረሻው ስህተት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ተብሎ ነው። የሕመም ማስታገሻ የሆኑት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ በኢናላፕሪልና ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት ላይ ሲደረቡም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ማስታገሻ የሚገዛ ሰው የግፊት መድኃኒት እንደሚወስድ አስቀድሞ ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገር፤ ስሙን ካላስታወሰም ባዶውን ማሸጊያ ይዞ ይሂድ።