ስታርች ያለበትን ከረጢት ሳታለቀልቁ አትንከሩ

ስታርች የሞላችሁትን የዳያሊሲስ ቱቦ (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን፣ ጫፎቹ ሲታሰሩ ከረጢት የሚሆን) አዮዲን ባለበት ውሃ ስትነክሩ የቢከሩ (የመስታወት ዕቃው) ውሃ ከጠቆረ፣ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራልና፣ ስታርች በሽፋኑ አልፏል ብላችሁ አትጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ ስትሞሉ በከረጢቱ ጎን የወረደችው ጠብታ ናት። ሁለቱንም ጫፍ አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከረጢቱን በቧንቧ ውሃ ለ10 ሰከንድ ያህል አለቅልቁት፤ በሶፍት አድርቁና ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉት። ቋጠሮው ከረጠበ እንደገና እሰሩት። የስታርች ሞለኪውል ለሽፋኑ ቀዳዳዎች ትልቅ ነው፤ አዮዲን ግን ይገባል። ስለዚህ ውስጡ ብቻ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፣ ውጭው ቢጫ ቡናማ እንደሆነ ይቆያል። ስትሞሉ የከረጢቱን ሲሶ ባዶ ተዉት፣ በኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በሽፋኑ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ይወጠራልና። ግሉኮስም ከጨመራችሁበት እጥበቱን አታርዝሙ፤ ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ወዲያው መውጣት ይጀምራል።