ሳር የአበባ መደብን ሲወርር፦ የጠርዝ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

በሀዋሳ ግቢያቸውን እንድመለከትላቸው ከሚጠሩኝ ሰዎች የምሰማው አቤቱታ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ጠርዙ በጡብ ወይም በከርብ ስቶን ተሠርቶ ሳለ ሳሩ ከጽጌረዳው ሥር ብቅ ይላል። ሌሎቹን ችግሮች ወደ ኋላ ላይ በአጭሩ አነሳቸዋለሁ፤ ይህኛው ግን በዝርዝር መታየት ይገባዋል።

ሳሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ሥራ መጀመር አይገባም። መደቡ ውስጥ ከበቀለው አንዱን ቀስ ብለው ይንቀሉት። አጭርና ስስ ሥር ብቻ ይዞ በሙሉ ከወጣ ከዘር የበቀለ ነው፤ ዘሩም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በደንብ ሳይብላላ ከተጨመረ ፍግ ስለሆነ ጠርዙን መንካት አያስፈልግም። ነጭና ጠንካራ ግንድ አስከትሎ ከተበጠሰ ግን ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ሳር ከጠርዙ በታች አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ሁለቱም ከላይ በሚሳብ ሐረግ፣ ከሥር ደግሞ በመሬት ውስጥ ግንድ ይስፋፋሉ፤ በግንዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ አንጓ ራሱን ችሎ መብቀል ይችላል። የሀዋሳ አፈር በብዙ ሰፈሮች ከእሳተ ገሞራ የመጣና ቀላል በመሆኑ ግንዱ ያለ ችግር ይሰረስረዋል።

ጡቡ ራሱ ሳርን አያግድም። በታቦር ተራራ አቅራቢያ ባለ አንድ ግቢ ዙሪያውን ውድ ከርብ ስቶን ተደርድሮ ነበር፤ አንዱን አንስቼ ባይ የድሮው ሳር ሳይነቀል ድንጋዩ ከላዩ ላይ ተቀምጦ፣ ግንዱ ከሥሩ እንደ ገመድ ተጠላልፎ አገኘሁት። ሠሪው ሳሩ የሚያልፍበትን መንገድ ሳይዘጋ ከላዩ ብቻ ሸፍኖት ነበር የሄደው። በሌላ ግቢ ደግሞ ዘበኛው መደቡን በዶማ ቆፍሮ፣ የተቆራረጠውን ሥር አፈር ውስጥ ትቶ፣ አስተካክሎ ውኃ አጠጣው፤ ጥቂት የነበረው ሰርዶ በሳምንታት ውስጥ መደቡን በሙሉ ሸፈነው። ሰርዶ ባለበት መደብ ዶማ ፈጽሞ አይግባ።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። ሲባጎ በሁለት ካስማ መካከል ይወጥሩና በሳሩ በኩል፣ ሲባጎውን ተከትለው፣ ስለቱ በተሳለ ጠፍጣፋ አካፋ ቀጥ አድርገው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይቁረጡ። ከዚያ ከመደቡ በኩል ያለውን አፈር በባለጥርስ መቆፈሪያ እያላሉ፣ እያንዳንዱን ነጭ ግንድ ሳይበጥሱ እስከ ጫፉ ተከትለው በእጅ ያውጡ። የወጣውን በቆርቆሮ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ በፀሐይ ጨርሶ እስኪደርቅ ያስጡት እንጂ ወደ ኮምፖስት አይጨምሩት። አሁን ጡብ ለመደርደር አይቸኩሉ፤ አፈሩን እያጠጡ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ባዶውን ይተዉትና የተረፈው ሲበቅል እንደገና ይልቀሙት። ብዙ ሠራተኛ ክፍያውን ቶሎ ለመቀበል ሲል የሚዘለው ይህንን እርምጃ ነው፤ ባለቤቱም በቀጣዩ ክረምት ሁለተኛ ይከፍላል።

ከዚህ በኋላ ጡብ ከፈለጉ በተጠቀጠቀ መሬት ላይ በቁመቱ ያቁሙት፣ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ይግባ፣ መገጣጠሚያውንም በ1 ለ3 የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ይሙሉት። ሰርዶ ጣት በማይገባበት ስንጥቅም ያልፋል። የመደቡ አፈር ከጡቡ አናት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ አፈሩ አናቱን ከነካ ሐረጉ በላይ ተሻግሮ ይገባል። እኔ ግን ለብዙ ግቢ የምመክረው ጡብ ሳይሆን ክፍት ቦይ ነው፦ በሳሩ በኩል ቀጥ ያለ፣ በመደቡ በኩል ቀስ እያለ የሚነሳ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ሳሩ ቦዩ ውስጥ ብቅ ሲል ይታያል፤ በዝናብ ወቅት በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ፣ በበጋ ደግሞ ሳሩ ውኃ እየጠጣ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ በአካፋ ይቆረጣል። የመጀመሪያውን የአበባ ረድፍ ከቦዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁ፤ አለዚያ በበጋ ሥሩ ይደርቃል።

የባህር ዛፍ አጣና ለጠርዝ አይሆንም፤ ምስጥ ይበላዋል። በጥቅልል የሚሸጠው ስስ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ካየሁት ከሌላው ሥራ በፊት አስነቅለዋለሁ።

ጸረ-አረም መድኃኒትን በተመለከተ ብዙዎች ግላይፎሴት ረጭተው መገላገል ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ ሳርን ከአበባ አይለይም፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ ጽጌረዳውንም ያደርቃል። ከሐይቁ አቅጣጫ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሳበት ሰፈር የማይረጨው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የነበረበትን ጀሪካን በምንም ሁኔታ ለመጠጥ ውኃ አይጠቀሙበት፤ ሲረጩም ጓንት ያድርጉ።

የቦዩ ግድግዳ ክረምት ላይ የሚናድ ከሆነ ምክንያቱን በቅድሚያ ከአሸንዳው ይፈልጉ። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ አንድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ቀላሉን አፈር ጠርጎ ይወስዳል፤ አሸንዳው ወደ ሌላ ቦታ ሳይዞር ጠርዙን መጠገን ድካም ብቻ ነው። የተደረደረው ጡብ ከተጋደለ ከሥሩ ያለው አፈር አልተጠቀጠቀም፤ ተነቅሎ፣ መሬቱ ረጥቦና ተጠቅጥቆ ዳግም ይቁም። መስመሩ የተጣመመ ከሆነ ያለ ሲባጎ ተቆርጧል። በጠርዙ ላይ ያለው ሳር ብቻ በጠብታ መልክ ቢጫ ከሆነ የማጨጃ ማሽኑ ቤንዚን ተንጠባጥቧል፤ ያንን አፈር አንስተው ይለውጡ፣ ነዳጁንም ከእንግዲህ ከሳሩ ውጭ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይሙሉ።