የእጅ ፍሬኑ ከባድ መኪናውን አልይዝ ካለ
በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ሲቆም የሚይዘው ሞላ ነው፤ አየሩ ሞላውን ለማስለቀቅ ነው የሚገባው። ስለዚህ ዳገት ላይ ከተንሸራተተ አየር አነሰው ብላችሁ አትድከሙ።

ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። ረዳቱ እጅ ፍሬኑን ሲይዝና ሲለቅ ከኋላው የሞላ ጣሳ የሚወጣውን የፍሬን ዘንግ በዓይናችሁ ተከታተሉ። ብዙ ከወጣ ሸራውና ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው ተጭኖ የሚይዘው ብረት) ተራርቀዋል፤ ይስተካከል። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ሞላው ተሰብሯል ወይም አየሩ አልወጣም። የፍሬኑ ማስተካከያ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ በእጅ ማጥበቅ ችግሩን መደበቅ ነው፣ ማስተካከያው ይፈተሽ።

ዘንጉ ደህና ከሆነ ታምቡሩን አውጥታችሁ ሸራውን እዩ። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ የሚያፈስበት ቦታ ተዘግቶ የግራም የቀኝም ይቀየር።

የሞላውን ጣሳ ግን እባካችሁ ራሳችሁ እንዳትፈቱት፤ የታመቀው ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።