ሂቢስከስ በቤት ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሂቢስከስ ለአበባው ውበት የሚተከል የጌጥ ተክል ነው። የመጀመሪያውን ሂቢስከሴን የገደልኩት በውሃ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተክዬው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር «ጠምቶት ነው» ብዬ ጨመርኩለት። እሱ ሲብስበት እኔም ባሰብኝ፤ ጠዋትና ማታ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ቆርቆሮውን ገልብጬ ሳወጣው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላልቷል። አንዱን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ልጡ እንደ ካልሲ ወለቀ። ሽታውን ተዉት። ቆርቆሮው ከታች አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ቢጫ ቅጠል አይቶ ወደ ውሃ መሮጥ

ሂቢስከስ ሲጠማም ውሃ ሲበዛበትም የሚያሳየው ያንኑ ቢጫ ቅጠል ነው። የሚለየው አፈሩ ነው። ጣታችሁን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪፈስ አጠጡና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። «በሳምንት ስንት ጊዜ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለኝም። በመጋቢት ፀሐይ በየቀኑ ሊጠይቅ ይችላል፤ በሐምሌ ግን ሰማዩ ያጠጣዋል።

ቆርቆሮም ይሁን የተቆረጠ ጀሪካን፣ ታቹን በትልቅ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። አፈሩንም እዩት። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከግቢ የሚቆፈረው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ዕቃ ውስጥ ብቻውን ሲገባ ሥሩን አፍኖ ይይዘዋል። እኔ አሁን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ አደባልቃለሁ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥሩን ያቃጥላል።

የሳሎን ጌጥ ማድረግ

መጋረጃ ሥር፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሲቀመጥ ያምራል። ቅጠልም ያወጣል። አበባ ግን አትጠብቁ። በቀን 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከጥላ ወደ በረንዳ ስታወጡት ግን ቀስ በቀስ ይሁን፤ በአንድ ቀን ከወጣ ቅጠሉ ይጠበሳል።

ከገጠር የመጣ ዳፕ

ይሄን ብዙ ሰው ቤት አይቻለሁ። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ዳፕ የሚባለውን የእርሻ ማዳበሪያ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ እኛም በእፍኝ እንበትናለን። ከረጢቱ ላይ 18-46-0 ይላል። መሃለኛው ቁጥር ፎስፈረስ ነው፤ የመጨረሻው ፖታሽየም፣ እሱም ዜሮ። ሂቢስከስ ደግሞ ፍላጎቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ፖታሽየም ይወዳል፣ ፎስፈረስ ሲበዛበት ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ያን ጊዜ የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ይገረጣል።

«እንግዲያው አመድ ልጨምርበት?» ትሉኝ ይሆናል። አመድ ፖታሽየም አለው፤ ግን የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። ሂቢስከስ ደግሞ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ነው የሚስማማው። ቆንጠር አድርጋችሁ፣ አልፎ አልፎ ብቻ። ለእኔ የበሰለ ኮምፖስት ይበልጣል።

መቀስ መፍራት፣ ወይም ያለ ጊዜው መቁረጥ

ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። ካልተገረዘ ይረዝምና ጫፉ ላይ ብቻ ሁለት አበባ ይዞ ይቀራል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ሂቢስከስ ከ10 ዲግሪ በታች አይወድም፣ ለጋ ቀንበጥ ደግሞ ብርድ ቶሎ ይመታዋል። እኔ የካቲት መጨረሻ ላይ እገርዛለሁ፤ ከሲሶው በላይ ሳልነካ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ወር አበባ የለም። ሐዋሳና ድሬዳዋ ያላችሁ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናችሁ።

ጉንዳኑን ብቻ ማባረር

ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡ። ከሥሩ ክሽክሽ የሚባሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ታገኛላችሁ። ጉንዳኑ የመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና ወደ ማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል፤ ሞክሬው ነው።

የረገፈውን ሁሉ በሽታ ማለት

የብዙዎቹ ሂቢስከስ አበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው። ጠዋት ተከፍቶ፣ በማግስቱ ተጠቅልሎ ቢወድቅ ደህና ነው። ሳይከፈት የሚወድቅ እምቡጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በጥፍራችሁ ፈልቅቁት። ውስጡ ቀጫጭን ነፍሳት ከተርመሰመሱ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ወይ ውሃው አንዴ ደርቆ አንዴ በዝቶበታል፣ ወይ ቦታ ለውጣችሁበታል። ከችግኝ መሸጫ እምቡጥ በእምቡጥ ሆኖ የተገዛው ቤት ሲደርስ የሚያራግፈውም ለዚህ ነው።

ከርከዴ መጠበቅ

አበባው ሲፈካ ጎረቤቴ እትዬ አይተው «በል እንግዲህ፣ ከርከዴውን መቼ ታፈላልናለህ?» አሉኝ። ከርከዴ የዚህ ዘመድ ነው እንጂ ይሄ አይደለም። የሚፈላውም አበባው ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ የዘሩን ፍሬ አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ይህን ስነግራቸው አንዴ ተክሉን፣ አንዴ እኔን አዩና «ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለማየት ብቻ ነው?» አሉ። አዎ እትዬ፣ ለማየት ብቻ ነው።