ሰላጣ በልቶ ሌሊት የሚያሳክከው፦ አልፋ-ጋልና የሰላጣ ድሬሲንግ

ምልክቱ፦ ማታ 1 ሰዓት ላይ ዶሮ ያለው ሰላጣ ይበላል። እኩለ ሌሊት ላይ መዳፍ ያሳክካል፣ ሰውነት ሽፍታ ያወጣል፣ ሆድ ይቆርጣል። አልፋ-ጋል እንደ ላም፣ በግና አሳማ ያሉ እንስሳት ሥጋና ተዋጽኦ ውስጥ የሚገኝ የስኳር ዓይነት ነው፤ መዥገር የነከሰው ሰው ለእሱ አለርጂ ሊሆን ይችላል። አለርጂው ከ2 እስከ 6 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ ድሬሲንጉን ማንም አይጠረጥርም።

ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል አልፋ-ጋል የላቸውም። ዶሮው የበሬ ሥጋ በተጠበሰበት ግሪል ላይ ካልተጠበሰ በቀር የድሬሲንጉን ጠርሙስ መርምሩ።

ድሬሲንጉ ራንች ከሆነ፦ አሬራ አለበት። ሌብሉ ላይ «በተርሚልክ» የሚለው አሬራ፣ «ዌይ» የሚለው አጓት ነው። ብሉ ቺዝም ያው ወተት ነው። ሲዛር ውስጥ ያለው ፓርሜዛን ደግሞ ወተት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ኢንዛይም ነው። ወተት የሚስማማው የአልፋ-ጋል ታማሚ ብዙ ነው፤ የራስን ከሐኪም ጋር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወተት የሌለው ድሬሲንግም ካሳከከ፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት እዚህ ነው። ሰው «ኮንቴይንስ» (ይዟል) የምትለዋን መስመር ብቻ አንብቦ ጠርሙሱን ቅርጫት ውስጥ ይከታል። የአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዲጻፉ የሚያስገድደው 9 አለርጂዎችን ነው፤ ወተት አለበት፣ የበሬና የአሳማ ተዋጽኦ ግን የለበትም። ስለዚህ ሙሉውን ዝርዝር አንብቡ። ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማርጊያ) ካለ መልሱት። «ናቹራል ፍሌቨርስ» (የተፈጥሮ ማጣፈጫ) ካለ ሥጋ-ነክ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል አምራቹ ጋ ደውሉ። ስትደውሉ «አልፋ-ጋል አለው?» አትበሉ፤ ስልክ የሚያነሳው ሰው ቃሉን ላያውቀው ይችላል፣ ሳያጣራም «የለውም» ይላል። «ማጣፈጫው ውስጥ ከላም፣ ከበግ ወይም ከአሳማ የተገኘ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ወር ደህና የነበረውም ቅመሙ ሊቀየር ይችላልና በየግዢው እንደገና ይነበብ።

ቪገን (ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለው) ሆኖ ካሳከከ፦ ካራጂናን ፈልጉ። ማወፈሪያ ነው፣ ከባሕር አረም ይሠራል፣ አልፋ-ጋልም አለው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ጿሚዎች ልብ በሉ፦ አለርጂውን የሚያመጣው መዥገር እዚያው አካባቢ አለ፣ ካራጂናን ያለበት ድሬሲንግም የጾም ሊሆን ይችላል። የጾም መሆኑ ብቻውን አያድንም።

ምግብ ቤት ውስጥ ትኩስ የስፒናች ድሬሲንግ፦ ብዙ ጊዜ የቤከን (የአሳማ ሥጋ) ስብ አለበት። ቁርጥራጩን ለቅሞ ማውጣት ምንም አይጠቅምም፤ ስቡ ኮምጣጤው ውስጥ ገብቷል።

አስተማማኙ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ። ሰናፍጩን መጀመሪያ ከሎሚው ጋር ምቱ፣ ከዚያ ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ምቱት። ዘይቱ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከፈሰሰ ይለያያል።

ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከዞረ ኤፒኔፍሪኑን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን መርፌ) ወዲያው ውጉና 911 ደውሉ። የማሳከክ ክኒን ውጦ መተኛት አደገኛ ነው።