የቀለጠ መዳብ ውስጥ የሚደበቁ ብረታ ብረቶች፦ ችግርና መፍትሄ

ለማቅለጥ የተሰበሰበ የመዳብ ቁርጥራጭን ስለማድረቅና በማግኔት ስለመፈተሽ አልጽፍም። እርጥብ ቁርጥራጭ ቀልጦ ካለ መዳብ ውስጥ የሚጨምር ሰው ምድጃ አጠገብ መቆም የለበትም። እዚህ የማነሳው ከመዳቡ ጋር አብረው ስለሚቀልጡት ባዕድ ብረታ ብረቶች ነው።

ወፍራም ነጭ ጭስ ሲወጣ

ናስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፣ ገብቷል። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ዚንክ ግን በ907 ይፈላል። ስለዚህ ዚንኩ ይተንና አየር ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ይሆናል። አብዛኛው በራሱ ስለሚወጣ መዳቡን እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው ሠራተኛውን ነው፤ ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ጭስ መሳቢያ በሌለበት ናስ አታቅልጡ።

ባሩ (ቀልጦ የተቀረጸው መዳብ) ሲያዩት ያማረ፣ በትኩሱ በሮለር ሲዳመጥ ግን የሚሰነጠቅ

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እርሳስ ነው፤ የሚመጣውም ከስታኞ፣ ማለትም መጋጠሚያ ከሚበየድበት የቲንና የእርሳስ ቅይጥ፣ ነው። እርሳስ በቀለጠ መዳብ ውስጥ ይሟሟል፤ መዳቡ ሲረጋ ግን ቦታ ያጣና በቅንጣቶቹ መካከል ተጠራቅሞ ይቀራል። በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ባሩ ለመዳመጥ ሲግል እርሳሱ ፈሳሽ ሆኖ ቅንጣቶቹን ያላቅቃል። ቢስሙት ከዚህም ይብሳል፤ በአንድ ቶን ውስጥ ጥቂት አስር ግራም ብቻ መዳቡን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ አየር በመንፋትም በቀላሉ አይወጣም።

ባሮቻቸው ሮለር ላይ እየተቆራረጡ ያስቸገሯቸው ሰዎች ምድጃውንም፣ ሙቀቱንም፣ ቅርጽ ማውጫውንም ቀይረው አልሆነላቸውም ነበር። የቁርጥራጭ ክምራቸውን ስንገለብጠው ከላይ የተላጠ ንጹሕ ሽቦ፣ ከሥሩ ደግሞ መጋጠሚያው ስታኞ የጠገበ የመኪና ራዲያተር! ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው ግን ክምሩን ሳይገለብጥ ሚዛን ላይ ያወጣል። ይህ ያናድደኛል።

መፍትሄው መጀመሪያ መለየት ነው፦ የራዲያተሩን መጋጠሚያ ቆርጣችሁ ለብቻው አስቀምጡ። አንዴ ከቀለጠ ግን ወደ መዳቡ አየር ንፉ። አሉሚኒየም፣ ብረትና ዚንክ ቀድመው ኦክሳይድ ይሆናሉ፤ ቲን ይከተላል፤ እርሳስ ዘግይቶ ስለሚመጣ አትቸኩሉ። ለእርሳስ የሲሊካ አሸዋ ጨምሩ፤ ለቲን፣ ለአርሴኒክና ለአንቲሞኒ ግን ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ወይም ኖራ ነው የሚሠራው።

ከዚያ ስላጉን፣ ማለትም መዳቡ ላይ የሚንሳፈፈውን ኦክሳይድና ቆሻሻ፣ ግፈፉ! አየር ስትነፉ መዳቡ ውስጥ የገባውን ኦክስጅን ለማውጣት እርጥብ (ያልደረቀ የዛፍ) ግንድ ከመክተታችሁ በፊት ሙልጭ አድርጋችሁ ግፈፉ። አየሩን በትክክል ነፍተው፣ አሸዋውን በልኩ ጨምረው፣ ስላጉ ላዩ ላይ እንዳለ ግንድ የከተቱ አይቻለሁ። ከግንዱ ወጥቶ ከመዳቡ ኦክስጅን የሚወስደው ጋዝ ከስላጉም ይወስዳል፤ እርሳሱ ወደ መዳቡ ተመለሰ፤ የቀኑ ሥራ ሁሉ ባከነ። ከግንዱ በፊት ትንሽ ናሙና አፍስሳችሁ በቀይ ትኩሱ ቀጥቅጡ። ጠርዙ ከተሰነጠቀ አየር መንፋቱንና መግፈፉን ድገሙ።

በደንብ ይዳመጣል፣ ኤሌክትሪክ ግን በቅጡ አያስተላልፍም

የውሃ ቱቦ ከሽቦ ጋር ተቀላቅሏል። ለቱቦ የሚሠራው መዳብ ብዙ ጊዜ ከ0.015 እስከ 0.040 በመቶ ፎስፈረስ አለው፤ ይህ ትንሽ የሚመስል መጠን የማስተላለፍ ብቃቱን ክፉኛ ይጥለዋል። መዳቡ ውስጥ የሟሟ ብረትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም አየር ሲነፋ ይወጣሉ። ኒኬል ግን ግትር ነው፤ ከእሱ ጋር በምድጃ አትታገሉ፣ ወደ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወደሚጣራበት፣ ላኩት። እዚያ ኒኬሉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፣ ብርና ወርቅ ከታች ይዘቅጣሉ፣ ንጹሑ መዳብ ካቶድ (አሉታዊው ሰሌዳ) ላይ ይለበጣል።

ባሩ ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መዳቡ ሲረጋ ተገናኝተው እንፋሎት ሆነዋል። ግንዱ መዳቡ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ይከሰታል።

ቀጭን ግራጫ ቆዳ ባሩ ውስጥ ከታየ አሉሚኒየም ነው።

ቤሪሊየም ያለበት መዳብ እምብዛም አያጋጥምም፤ በኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ስፕሪንጎችና ብልጭታ በማይፈጥሩ መፍቻዎች ውስጥ ይገኛል። ጭሱና ብናኙ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ከጠረጠራችሁ አታቅልጡ፣ አትሞርዱ፣ አትቁረጡ፤ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት።